«ድንጋዩ ጠንካራ ነው» ካሉ በኋላስ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ። የዚህ እትም ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ሲሆኑ ሁሉም የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ስለማስተማር ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 58 ናቸው። «ስለ ላም ድርሰት ጻፉ» ስላቸው ሃምሳ ስምንቱም «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጣለች» ብለው ያመጡልኛል። ርእሱን ብቀያይረውም ያው ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። የታዘዙት ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለሚያውቅ ሰው እንዲናገሩ ነው። ላም አራት እግር እንዳላት እርስዎ ያውቃሉ፤ እርስዎ እንደሚያውቁ ደግሞ እነሱ ያውቃሉ። ታዲያ ከመጽሐፉ ከመገልበጥ በቀር ምን ይቀራቸዋል? «ስለ ንጽሕና»፣ «ስለ ዛፍ ጥቅም»፣ «ስለ ትምህርት ቤቴ» ቢሏቸውም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ለውጥ አይመጣም። ልጁ የሚጽፈው፣ አንባቢው ካላነበበው ሊያገኘው የማይችለው ነገር መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን ምንም ወጪ የሌለው ሥራ አለ። ከቦርከና ዳር ወይም ከግቢው ውስጥ የእንቁላል መጠን ያላቸው 12 ድንጋዮች ይልቀሙ። ውሃው ሲሞላ ልጆቹን ወደ ወንዙ አይላኩ፤ ራስዎ ያምጡት። ድንጋዮቹ በመልክ የሚቀራረቡ ይሁኑ። አንዱ ቀይ ሌላው ጥቁር ከሆነ ልጁ በአንዲት ቃል ይገላገላል። ክፍሉን 12 ቦታ ይክፈሉት፤ አሥሩ ቡድን አምስት አምስት፣ ሁለቱ አራት አራት ልጅ ይይዛሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ድንጋይ ይስጡ።

የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች እርሳስ አይነሳም፤ ያገላብጡት፣ ይዳስሱት፣ ያሽትቱት። ቀጥሎ ለ8 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ በተራው ከእሱ በፊት ያልተባለ አንድ ነገር ስለ ድንጋዩ ይናገራል። ከዚያ ለ12 ደቂቃ ሁሉም በየደብተሩ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ቡድኑ ከመካከላቸው አንዱን ጽሑፍ ይመርጣል። አሁን ድንጋዮቹን ይሰብስቡና አራት አራቱን በሦስት ዴስክ ላይ ያስቀምጡ። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ካደረጉት 58 ልጅ ይተራመስና ክፍለ ጊዜው እዚያው ያልቃል። ቡድኖቹ ጽሑፍ ይለዋወጡ፤ የተቀበለው ቡድን አንድ ልጅ ልኮ የተጻፈለትን ድንጋይ ለይቶ ያንሳ፤ ለዚህ 10 ደቂቃ። በቀሪዎቹ 5 ደቂቃዎች ያልተገኙት ድንጋዮች ለምን እንዳልተገኙ ይነጋገሩበት። 40 ደቂቃው አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን ብዙዎቹ አይገኙም፤ አይደንግጡ። ጽሑፉ «ድንጋዩ ጠንካራ ነው። ድንጋዩ ግራጫ ነው። ድንጋይ ለቤት መሥሪያ ይጠቅማል» ስለሚል ዴስኩ ላይ ያሉት አራቱም ይሆናሉ። ፍለጋ የሄደው ልጅ አራቱን ድንጋይ እያየ ራሱን ሲያክ፣ ጸሐፊው ቡድን ምን እንደጎደለው ያለ እርስዎ ተግሣጽ ይገባዋል። በሚቀጥለው ዙር «አንድ ጎኑ ላይ በጥፍር የተጫረ የሚመስል ነጭ መስመር አለ። ቅርጹ ዳቦ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ የተነከሰ ዳቦ» የሚል ይመጣል።

ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ንግግሩን መዝለል ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ እጁ ገና ቀርፋፋ ነው፤ ፊደሉን ሲያስብ ሐሳቡ ያመልጠዋል። በአፉ አንድ ጊዜ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ሲጽፍም አይጠፋውም። ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ የቅጽል ዝርዝር መለጠፍ ነው፤ «ሸካራ፣ ለስላሳ፣ ሞላላ» ብለው ከጻፉ 12ቱም ድንጋይ ሸካራ፣ ለስላሳና ሞላላ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ልጆቹ ራሳቸው ተናግረውት ፊደሉ የቸገራቸው ቃል ብቻ ይሁን።

እንዲህ ያለ ሥራ ሦስት አራት ጊዜ ከሠሩ በኋላ (የአያት እጅ፣ የግቢው በር፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለ መንገድ) ወደ ላሟ መመለስ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን «ላም» አትባልም፤ የጎረቤት ዳልቻ ትሆናለች፤ ስትታለብ የምትራገጠዋ።

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። ሀ ሁ ሂን ያለ ስሕተት ይወርደዋል፤ የመጽሐፉንም ምንባብ ያነበንባል። መሐል ላይ አንድ ቃል ስጠቁመው ግን አያውቀውም። እያነበበ ነው ወይስ እያታለለኝ?

መልስ፦ አላታለለዎትም፤ በቃሉ ይዞት ነው። ፊደሉን በዜማ ከግራ ወደ ቀኝ ስለተማረው «ቤ»ን ለማግኘት ከ«በ» ተነሥቶ መቁጠር አለበት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በዜማ መያዙ ሊከፋ ባልተገባ፣ ግን ንባብ በተራ አይመጣም።

እርግጠኛ ለመሆን ትርጉም የሌለው ቃል ይጻፉለት፤ ለምሳሌ «ሬበም»። በቃሉ የያዘው ነገር ስለሌለ፣ ካነበበው ፊደል ያውቃል ማለት ነው። ካልቻለ ከዚህ ይጀምሩ፦ ከካርቶን 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰባት ካርዶች ይቁረጡና ላ፣ ም፣ በ፣ ሬ፣ ቤ፣ ት፣ ስ ይጻፉባቸው። ከእነዚህ ሰባት ብቻ ላም፣ በሬ፣ ቤት፣ በላ፣ ስም፣ ምላስ፣ ሬት ይወጣሉ። እርስዎ ያቀናጁ፣ እሱ ያንብብ፤ ቀጥሎ እሱ ያቀናጅ፣ እርስዎ ያንብቡ። አንዳንዴ ሆን ብለው ይሳሳቱ፤ እናቱን ማረም የማይወድ ልጅ የለም። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ሰባቱን ሳያመነታ ሲጠራ ሁለት ካርድ ይጨምሩ። ካመነታ አይጨምሩ።

የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ሳድሱ ነው። «ምላስ» ሲል «ም» ትንሽ ድምፅ አላት፤ «ስም» ሲል ግን ከንፈር ገጥሞ ይቀራል። ፊደሏ አንድ፣ አነባበቧ ሁለት ነው። ቅርጹም ቢሆን እንደ ካዕብና ሣልስ በቅጥያ አይታወቅም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው። በአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በብዛት የሚደጋገመው ሳድስ ነው። ስለዚህ ሳድሶቹን ለብቻ፣ ቀስ ብሎ። ከካዕብና ከሣልስም ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከሌሎቹ መስመር የወጡ ስለሆኑ በነጠላ ያስጠኗቸው።

ወደ ፒያሳ ስትወጡ የሱቅ ታፔላ ያስነብቡት፤ ማንም በቃሉ አላስያዘውም። ሰሌዳ ላይ ያለውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ከሆነ ግን ከካርዱ በፊት ዓይኑን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ደሴ የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ። የተማሪዎቼ ጽሑፍ በ«በጣም» የተሞላ ነው፤ በጣም ፈራሁ፣ በጣም ሮጥኩ፣ በጣም ቆንጆ ነው። የቃላት ዝርዝር ሰጥቼ ባስጠናም አይጠቀሙበትም።

መልስ፦ ዝርዝሩን ይተዉት። የሚፈልጉት ቃል አፋቸው ውስጥ አለ፤ ለጽሑፍ የሚሆን መስሎ ስላልታያቸው ነው እንጂ። አማርኛ «አለ»ን ተከትሎ የሚመጣ ትልቅ ሀብት አለው፦ ክው አለ፣ ብድግ አለ፣ ዘፍ አለ፣ ጭጭ አለ፣ ዝል አለ፣ እልም አለ። ልጆች እረፍት ላይ ሲያወሩ ይስሟቸው፣ ከዚህ ውጭ አያወሩም። ደብተር ሲከፍቱ ነው የሚደርቁት።

ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ «በጣም ፈራ»፣ «በጣም ደከመው»፣ «በጣም ሳቀ»፣ «በጣም ሮጠ» ብለው ይጻፉ። አንድ ልጅ ይውጣና ያለ ንግግር ይተውነው፤ ክፍሉ ያየውን ይናገር። ክው አለ። ዝል አለ። በሳቅ ፍርስ አለ። እግሬ አውጪኝ አለ። የተባለው በቀኝ በኩል ይጻፋል። ትወናውን ካልዘለሉት 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዘለሉት ደግሞ ሌላ ዝርዝር ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ወደ መስኮቱ። ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ የሚያህል የማስተማሪያ መሣሪያ በነጻ ተገትሮ ቆሟል፤ ጉም የለበሰ ጠዋት ከሆነማ እሰየው። «ጉሙ በጣም ብዙ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያለ «በጣም» እንዲጽፉት ይዘዙ። «ጉሙ ከጦሳ ቀስ እያለ ወርዶ መጀመሪያ የላዩን ሰፈር ዋጠ፤ ቆይቶ የእኛም ሰንደቅ ዓላማ እልም አለ» ያለ ልጅ ሥራውን ጨርሷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ዓረፍተ ነገር ዘፍ፣ ብድግ፣ ክው ማለት ይጀምራል። በአንድ አንቀጽ ከሁለት አይበልጥ ብለው ይገድቡት።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ አካባቢ ተዛውራ ኮምቦልቻ የመጣች የ3ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። አማርኛ ትናገራለች፤ የተማረችው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ስትጽፍ «በላ»ን «ባላ»፣ «ስም»ን «ሲም» ትላለች። ወደ 1ኛ ክፍል ትመለስ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አትመለስ። ልጅቷ ማንበብ ታውቃለች፤ በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል። ድምፅንና ምልክትን ማገናኘት ለጀማሪ ዋናው ዳገት ነው፤ እሷ ወጥታዋለች። የቀራት ሌላ የምልክት ሥርዓት ነው። ቁቤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል፤ ፊደል ሁለቱን አንድ ላይ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ አንድ አካል ይዘው ቅጥያ ብቻ እንደሚለዋውጡ ጎን ለጎን ያሳዩዋት፤ ከሌሎቹ ልጆች ቀድማ ይገባታል።

ስሕተቶቿ ግድየለሽነት አይደሉም። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ይሆናል። የግዕዙ የ«በ» ድምፅና የሳድሱ የ«ብ» ድምፅ ግን የሉትም። ጆሮዋ በአቅራቢያው ወዳለው ይወስደዋል፤ ግዕዙ ራብዕ፣ ሳድሱ ሣልስ ይሆናል። ስለዚህ ሕክምናው ከጆሮ ይጀምራል። በላ እና ባላ፣ ሰም እና ሳም፣ ከሳ እና ካሳ፣ ስም እና ሲም (ስልክ ውስጥ የሚገባው) የሚሉ ጥንዶች ያዘጋጁ። እርስዎ ይጥሩ፤ የመጀመሪያውን ስትሰማ ግራ እጇን፣ ሁለተኛውን ስትሰማ ቀኝ እጇን ታንሳ። አሥር ቃል፣ ሦስት ደቂቃ፣ በየቀኑ። ጆሮዋ ሲለይ ራሷ ትጥራ። ሁለቱ ሳይያዙ ወደ ጽሕፈት መሄድ ድካም ብቻ ነው። ሥራውን ለክፍሉ ሁሉ ቢያደርጉት ደግሞ ብቻዋን የተነጠለች አትሆንም።

አንድ ቀን «መጥበቁና መላላቱ በምን ይታወቃል?» ብላ ትጠይቅዎት ይሆናል፤ ቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፣ ፊደል ግን ምልክት የለውም። ብልህ ጥያቄ ነው። «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ክፍሉ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነውም የሚሳሳት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ 5ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን አለኝ፤ 124 ደብተር። ድርሰት ባዘዝኩ ቁጥር ደብተሩ ይከመርብኛል። አሁንማ ማዘዙንም ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ማዘዙን ከመተው የእርማቱን መጠን መቀነስ ይሻላል። ልጆቹ በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። እርስዎ ግን ከየሴክሽኑ የሩቡን ብቻ ይሰብስቡ፤ በሳምንት 31 ደብተር ማለት ነው። በቀን ስድስት ወይም ሰባት፣ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጡ 20 ደቂቃ ያህል ነው። እያንዳንዱ ልጅ በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ የእርስዎን ዓይን ያገኛል። በቀሩት ሳምንታት ጥንድ ጥንድ ይሁኑ። ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ አድማጩ አንድ በዓይኑ የታየውን ነገርና አንድ ያልገባውን ነገር ይነግረዋል። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው። ራሱ ሲያነብ የጎደለ ቃል ላይ ይደናቀፋል፤ ያን ያህሉ እርማት ከእርስዎ ወረደ።

በወር አንድ ነገር ብቻ ያርሙ፤ የትኛው እንደሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው። በ12 መስመር ላይ 23 ቀይ ምልክት ያገኘ ልጅ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ አጭር ከጻፍኩ ቀዩ ያንሳል። ሁልጊዜ አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፉ፤ የሚስተካከለው እዚያ ይገባል። ለወረቀት አይሳሱ።

የመጀመሪያው ወር «ከዛ» ይሁን፤ ያ በሽታ የሌለበት ክፍል የለም። «ጠዋት ተነሳሁ ከዛ ፊቴን ታጠብኩ ከዛ ቁርስ በላሁ ከዛ ትምህርት ቤት ሄድኩ ከዛ አስተማሪዋ መታመሟን ሰማን።» ብዙ መምህራን «ከዛ»ን ከልክለው «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ በልቼ፣ ሄጄ» ያስጽፋሉ። በሽታው ያው ነው፣ ልብሱን ነው የቀየረው። ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ) ላይ ከመድረሱ በፊት እንዲህ ያለ ግስ ከሁለት በላይ እንዳይደረደር ይወስኑ። ከዚያ «ከእነዚህ ሁሉ ያን ቀን ብቻ የሆነው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ፊት መታጠብና ቁርስ በየቀኑ አሉ፤ ይሰረዙ። ጽሑፉ ከአስተማሪዋ መታመም ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ልጄን ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋ እንድትጽፍ አዘዟት። እኛ ቤት ውሸት አናስተምርም። ይህ የፈጠራ ጽሑፍ የሚሉት ምን ይጠቅማታል? (ከደሴ፣ አባት)

መልስ፦ የሚዋሽ ሰው አድማጩ እንዳያውቅበት ይደብቃል። «ተረት ተረት» ሲባል ግን ቤቱ ሁሉ «የላም በረት» ብሎ ፈቅዶ ነው የሚገባው። ጅብ ሲናገር ማን ተታለለ? ስጋትዎ ልጅቷ ሁለቱን እንዳታምታታ ከሆነ ግን ተገቢ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ከገጹ አናት ላይ «የሆነ» ወይም «የተፈጠረ» ብላ ትጻፍበት።

ጥቅሙ ነገርን ከምክንያቱ ጋር ማያያዝ መልመዷ ነው። ራስዎ ቤት ውስጥ በአምስት ጥያቄ ሊያሠሯት ይችላሉ፦ ማን? ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? ምን አደረገ? እንዴት አለቀ? ለምሳሌ፦ ጅብ። የሰርግ ድግስ። በረኛው። ነጠላ ተከናንቦ ሄደ። በረኛውም «አብሽር፣ ግባ! ግን ነጠላህ ከኋላው ጭራ ያወጣው ለምንድን ነው?» አለው። ልጆች የሚስቱት ሦስተኛውን ነው። ጅብ ድግስ ይፈልጋል፣ ሄዶ ይበላል፣ አለቀ። የሚከለክል ከሌለ ተረትም የለም። በረኛው ላይ ያቆዩዋት።

ጥያቄ፦ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ የ3ኛ ክፍል ልጅ ነጥብ ይቀነስበታል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይቀነስበትም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በግዕዝ ይለያዩ ነበር፤ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ስለዚህ ልጁን ጆሮው ሊረዳው አይችልም፤ ብዙ ያነበበ ዓይን ብቻ ነው የሚለያቸው። እስከ 4ኛ ክፍል መምህሩ የመማሪያ መጽሐፉን አጻጻፍ ተከትሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ እንጂ አይቅጣ። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የቃላት መዝገብ ይከፈት፤ ሕዝብ፣ ዓለም፣ ኃይል፣ ሥራ እያለ በሳምንት ሁለት ቃል ይጨመርበት፤ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ስምንት ቃል ያለው ቃለ ጽሕፈት ይሰጥ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት አድርጎ ከጻፈ ግን ያሳዩት። «መጣ» ለማለት «መጠ»፣ «ልጇ» ለማለት «ልጁ» ብሎ የጻፈ ደግሞ ዛሬውኑ ይታረም።